የጢሞ ምላጭ

የዶለዶመ ነገር ያለው ሰው ሁሉ ወደ ጢሞ ይሄዳል። መቀስ፣ መጋዝ፣ የሥጋ ቤት ቢላዋ፣ ሁሉም በእሱ ሞርሳ፣ ብረት ነክሶ በሚይዘው ማሰሪያ፣ አልፎ ነው ስለት የሚያወጣው። ከሁሉ በላይ የሚኮራበት ሥራ ግን ምላጭ ነው። ፋብሪካቸው ድሮ ለተዘጋ መላጫዎች፣ እጀታቸው ለሚከብድ፣ ክዳናቸው እንደ ሳጥን ለሚከደን፣ ምትክ ምላጭ የሚሠራ ሰው ከእሱ ሌላ አይገኝም። የሚገርመው ይኼ ሰው ራሱ ተላጭቶ አያውቅም። ጢሙ ደረቱ ላይ ስለሚደርስ ሥራ ሲጀምር ሞርሳው እንዳይነክሰው ሸሚዙ ውስጥ ይከተዋል። ደንበኞቹ ዓሣ የማይበላ ዓሣ አጥማጅ እያሉ ይቀልዱበታል፤ እሱም አብሯቸው ይስቃል።

ለማንም ያልነገረው ነገር ቢኖር ከዚያ ጢም ሥር አገጭ አለመኖሩ ነው። አለ ለማለት ያህል አለ፤ ግን ከታችኛው ከንፈሩ እንደ ወረደ ቀጥታ አንገቱ ውስጥ ይገባል። ጎረምሳ ሳለ በጢም ሸፈነው፤ ሚስቱም ያገባችው ከነጢሙ ነው። እስከዚህ ድረስ ማንንም አልጎዳም። ጣጣው የመጣው ሴት ልጁ ስትወለድ ነው። ቤተ ዘመዱ ተሰብስቦ ሕፃኗን እያገላበጠ፣ ዓይኗ የእናቷ፣ ጆሮዋ የአባቷ እያለ ሲያከፋፍል አገጯ ላይ ሲደርስ ዝም አለ። ሚስቱ አገጭ አላት። የሚስቱ አባትማ ሳይዘጋ እንደ ቀረ መሳቢያ ወደ ፊት የወጣ አገጭ ነው ያላቸው። ዓይን ሁሉ ወደ ጢሙ መዞር ሲጀምር ጢሞ ደነገጠና፣ ምናልባት ሚስቱ ሳትወለድ የሞቱት አክስቷ እንዲህ ነበሩ ይሆን ሲል ጠየቀ።

ሟቿ ፎቶ መነሣት የማይወዱ ሴት ስለነበሩ የሚከራከርላቸው ማስረጃ ጠፋ። ከዚያ ወዲህ የልጅቷ አገጭ የአክስት አገጭ ተባለ። ወንድማቸው፣ ማለትም የሚስቱ አባት ብቻ፣ ሰው በተሰበሰበ ቁጥር፣ «እህቴ አገጭ ነበራት» ይላሉ፤ ቤተሰቡም እርጅና ነው ብሎ ያልፋቸዋል። ልጅቷ ደግሞ እጇን አገጯ ላይ ማድረግ ለምዳ አደገች። ስታነብም፣ ስታወራም፣ ፎቶ ስትነሣም እጇ እዚያው ነው። ጢሞ ይኼን ባየ ቁጥር እውነቱን ሊነግራት ያስባል፤ ግን ምን ብሎ ይጀምር?

ታዲያ በቅርቡ ልጅቷ ሌላ ከተማ ሥራ አገኘችና፣ ከመሄዷ በፊት ከነአያቷ አንድ የቤተሰብ ፎቶ እንነሣ አለች። አያቷ፣ እኚሁ የሟቿ ወንድም፣ ሳልላጭ አልነሣም አሉ። መላጫቸው የጎረምሳነት ዘመን ዕቃ ሲሆን የመጨረሻዋን ምላጭ በመስታወት ብርጭቆ ውስጥ እያሹ ስለት ሲያወጡላት ኖረው አሁን እሷም ድድ ብቻ ቀርታለች። የፕላስቲክ መላጫ ቢመጣላቸው፣ ፊቴን በፕላስቲክ አላስነካም ብለው መለሱት።

ጢሞ ሥራውን ተረከበ። ከአሮጌ የግድግዳ ሰዓት ሞላ ብረት ቆርጦ በልኩ ሞረደ። የመጀመሪያው ወፈረና ክዳኑ አልገጥም አለ። ሌላውን አግሎ ዘይት ውስጥ ቢነክረው እንደ ደረቀ ቅጠል ተጠማዘዘ። በመጨረሻ አንዱ ቀጥ ብሎ ወጣለት። በድንጋይ ሳለው፣ በቆዳ ቀበቶ አለሰለሰው፣ እንደ ልማዱ በግራ ክንዱ ሞከረው። በዚህ ሙከራ የተነሣ ያ ክንድ ፀጉር ካየ ቆይቷል።

ሽማግሌው ምላጩን አገላብጠው አዩትና አመሰገኑ። ቀጥለው ግን፣ እኔ ጉሮሮዬ ላይ ነው የማስኬደው፣ በማን ፊት ላይ ተሞከረ ብለው ጠየቁ። ጢሞ ምስጋናው ሞቅ አድርጎት ነበር።

«አባባ፣ እኔ ራሴ ዓይኔን ጨፍኜ እላጭበታለሁ» አለ።

አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም።

«እንግዲያው ተላጭ» አሉት። «ዓይንህን ግን ግለጥ።»

ቆዳዬ ይቆጣል አለ። ብርድ ነው አለ። ራሰ በራ ክንዱን ገልጦ አሳየ፤ ካስፈለገም ቅልጥሜን ልላጭ ብሎ ሱሪውን መሰብሰብ ጀመረ። ሽማግሌው ፎቶ የሚነሡት በቅልጥማቸው እንዳልሆነ አስታወሱት። ልጅቷ ይኼን ሁሉ ከበሩ ሥር ቆማ ስትሰማ ነበር። «ተዉት በቃ፣ ፎቶው ይቅር» አለች፤ ቅር ያላት አትመስልም፣ እጇም አገጯ ላይ ነበር።

ጢሞ ምላጩን ትንሽ ላስተካክለው ብሎ ወደ ሥራ ቤቱ ይዞት ተመለሰ። ሊያስተካክለው አልነበረም። ስለቱን በሞረድ አንድ ጊዜ ቢነካው ተበላሸ ይባላል፤ ጢሙም ይተርፋል፣ ነገሩም ተዳፍኖ ይቀራል። ሞረዱን አነሣ። ምላጩ ሞርሳው ላይ ሆኖ በመስኮት የገባውን ብርሃን እንደ ክር አቅጥኖ ይዞታል። በዕድሜው እንዲህ ያለ ስለት አውጥቶ አያውቅም። እጁ እምቢ አለው። ሞረዱን አስቀመጠና ካፈርኩ አይመልሰኝ ብሎ ተመልሶ ሄደ።

የሽማግሌው መታጠቢያ ቤት ገብቶ ጢሙን በመቀስ ከረከመ፣ ሳሙና ተቀባ፣ መላጫውን አነሣ። ምላጩ ሳይጎትት፣ ሳይቧጭር፣ በራሱ ጊዜ የሚሄድ ይመስል ነበር። ጢሞ አካሄዱን ሲያደንቅ ምን እየገለጠ እንደሆነ ረሳው። ቀና ብሎ መስታወቱን ሲያይ ነው የልጁ ፊት ያፈጠጠበት።

ፎጣ አፉ ላይ ይዞ ወጣ። ከልጇ ጋር ደጅ ስትጠብቅ የነበረችው ሚስቱ ፎጣውን ነጠቀችው። ሽማግሌው መነጽራቸውን አደረጉና እሱን አዩ፣ የልጅ ልጃቸውን አዩ፣ ደግመው እሱን አዩ።

«እህቴ አገጭ ነበራት» አሉ፣ በቀስታ።

ሚስቱ ቆማ መሳቅ አቅቷት ወለሉ ላይ ተቀመጠች። ልጅቷ ግን አልሳቀችም። መጥታ የአባቷን አገጭ በጣቷ ነካች፣ ቀጥላ የራሷን።

«አባዬ፣ እኔ ብቻዬን መስሎኝ ነበር እኮ» አለች።

ጢሞ አፈረ፤ በአገጩ ሳይሆን ባሳደገው ጢም ነው ያፈረው።

ፎቶ ቤት ሲደርሱ ሽማግሌው ተላጭተው፣ አንዲት ጭረት ሳይኖርባቸው ጉንጫቸው ያብረቀርቅ ነበር። ስለ ምላጩ ሲጠየቁ፣ ምላጩስ ጥሩ ነው አሉ፤ የቀረውን ዋጡት። ፎቶ አንሺው ሁሉንም ፊት ለፊት ሊደረድር ሲል ግን ከለከሉት።

«እነዚህን ሁለቱን ለብቻ፣ በጎን አንሣልኝ» አሉ። «እህቴ የሚከራከርላት ፎቶ የላትም፤ ይኼ ይሁንላት።»

አባት ከፊት፣ ልጅ ከኋላ ሆነው በጎን በኩል ወዳለው ግድግዳ ዞሩ። ፎቶ አንሺው፣ እጅሽን ከፊትሽ አውርጂ ሊል አፉን ሲከፍት እጇ የአባቷ ትከሻ ላይ ነበር።