የአባቴ ቤዝ ጊታርና የእማዬ ዳንቴል

አባቴ ዘርኡ በወጣትነቱ የባንድ ቤዝ ጊታር ተጫዋች ነበር። ይህን የሚመሰክር አንድ ፎቶግራፍ ሳሎናችን ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። አባቴ ባርኔጣውን ወደ ጎን አዘንብሎ፣ ጊታሩን እንደ ሕፃን ታቅፎ ይታያል። ችግሩ ከፎቶው ሌላ ምስክር አለመኖሩ ነው። ባንዱ በካሴት ያስቀዳው አንድ ዘፈን አለ፤ ካሴቱ ላይ ግን ዘፋኙና ሳክስፎኑ እንጂ ቤዙ አይሰማም። በዚህ የተነሳ የፒያሳ ሰፈራችን ሰው አባቴን «ጋሽ ፎቶ» ይለዋል። እኔን ደግሞ፣ መልኬ ቁርጥ እሱን ስለሆነ፣ «ኮፒ» ይሉኛል። ሰው ፊት መናገር ስለማልወድ አንድም ቀን መልስ ሰጥቼ አላውቅም።

ስሞቹን ያወጣው ጎረቤታችን ካሣሁን ነው። ከግቢያችን በር አጠገብ ፀጉር ቤት አለው፤ ምላሱ ከምላጩ የተሳለ ነው።

በቅርቡ አንድ ሰው ያንን ዘፈን ሙዚቃ በኢንተርኔት የሚሰማበት አፕ ላይ ጫነው። አባቴ ይህን ሲያውቅ ስልኬን ከእጄ ነጥቆ ወደ ፀጉር ቤቱ ሮጠ፤ እኔም ስልኬን ተከትዬ ሮጥኩ። ካሣሁን በአንድ እጁ የደንበኛውን ጭንቅላት እንደያዘ ጆሮውን ወደ ስልኩ ሰጠ።

«ሳክስፎን ሰማሁ። ከበሮ ሰማሁ። ጋሽ ዘርኡ፣ እርስዎ የት ነዎት?»

«ስልክ ምን ቤዝ አለው?» አለ አባቴ። «ሽንብራ በምታህል ስፒከር ዝሆን ቢጮህ እንኳ ትንኝ ነው የሚመስለው!»

«ዝሆኑ መኖሩን በምን አወቅን?»

ግማሽ ፀጉሩ የተላጨው ደንበኛ ሳይቀር ሳቀ። አባቴ ወደ ካሣሁን ጣቱን ቀሰረ።

«እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ቤቴ ና። በትልቁ ቴፕ አሰማሃለሁ። ቤዙ ከተሰማ እዚሁ በርህ ላይ ቆመህ ‹ማስትሮ› ብለህ ትጠራኛለህ።»

«ካልተሰማስ?»

«ካልተሰማ ፎቶውን ከግድግዳው አወርዳለሁ።»

ደነገጥኩ። አባቴ ያንን ፎቶ በየጠዋቱ በእጅጌው እየወለወለ ነው ቀኑን የሚጀምረው።

ትልቁ ቴፕ የምንለው አንድ አሮጌ አምፕሊፋየርና ፍሪጅ የሚያካክሉ ሁለት ስፒከሮች ናቸው። ስፒከሮቹን እናቴ አክበረት በኪሮሽ በሠራችው ዳንቴል ከአናታቸው እስከ እግራቸው ሸፍናቸዋለች። እማዬ ዳንቴል የማታለብሰው ዕቃ የለም። ቴሌቪዥኑም፣ ሶፋውም፣ የውሃ ጀሪካኑም ለብሰዋል። አባቴ ሶፋው ላይ ብዙ ከተኛ እፈራለታለሁ።

ስልኬን በትንሽ የብሉቱዝ መቀበያ ከአሮጌው አምፕሊፋየር ጋር አገናኘሁት። ዘፋኙ ጋቢ ተከናንቦ ጉድጓድ ውስጥ የሚያንጎራጉር ይመስል ነበር። ቤዝ የሚባል ነገር የለም።

እኔ የስልክ ሽፋን ሻጭ ነኝ፤ ስለ ድምፅ ብዙ አላውቅም። ግን አፑን ስነካካው ጉዱ ወጣ። ኢንተርኔት ለመቆጠብ ብዬ የድምፁን ጥራት «ዝቅተኛ» ላይ አድርጌው ኖሯል።

«በእኔ ላይ ነው የቆጠብከው?» አለ አባቴ።

«አባዬ፣ ፓኬጁ ቶሎ እያለቀ...»

«አርባ ዓመት የታፈነ ቤዝ አሁን ደግሞ በፓኬጅ ይታነቅ?»

ጥራቱን «ከፍተኛ» ላይ አደረግኩት። ዘፈኑ እንደ ሰነፍ ተማሪ ንባብ ይቆራረጥ ጀመር። በአካባቢያችን ፈጣን ኢንተርኔት ያለው ካሣሁን ብቻ ነው። በሩ ላይ ሦስቴ ተመላልሼ በመጨረሻ እንደምንም የዋይፋዩን ፓስወርድ ጠየቅኩት።

«ውሰድ፣ ኮፒ፣ ውሰድ» አለኝ። «በራሴ ዋይፋይ ነው የማሸንፋችሁ።»

እዚያው ቆሜ ዘፈኑን በሙሉ ጥራቱ ስልኬ ላይ አወረድኩት። ከዚያ ኤሌክትሮኒክስ የሚሸጠው ጓደኛዬ ኢስማኤል ዘንድ ሄድኩ። ብሉቱዝ ድምፁን ሊጨፈልቀው እንደሚችል ነግሮኝ፣ ስልኩን ከአምፕሊፋየሩ የሚያገናኝ ኬብል ሰጠኝ።

«ስፒከሮቹን ደግሞ ከግድግዳ አርቃቸው» አለኝ። «ከኋላቸው ቀዳዳ አለ። ቤዝ የሚተነፍሰው በእሱ ነው።»

እሁድ ከቤተ ክርስቲያን እንደተመለስን ከአባቴ ጋር ዳንቴሉን ገፍፈን ስፒከሮቹን ከግድግዳው አራቅናቸው። የሁለቱም ቀዳዳ በጨርቅ ተጠቅጥቋል።

«እኔ ነኝ» አለች እማዬ ከጓዳ። «አይጥ ልትወልድበት ነበር።»

አባቴ ይጎትት ጀመር። ካልሲ ወጣ። ግማሽ ነጠላ ወጣ። የእኔ የትምህርት ቤት ሹራብ ወጣ። መጨረሻ ላይ ፎቶው ላይ ያለው ባርኔጣ ተጨማድዶ ወጣ።

«አክበረት! ሌባ ወሰደው ብለሽኝ አልነበር?»

«ቀዳዳው ልክ በሱ መጠን ሆነብኝ» አለች እማዬ፣ ከጓዳ ሳትወጣ።

አቧራው ቡን ሲል አባቴን አስነጠሰው። የአባቴ ማስነጠስ እንደ ሌላ ሰው አይደለም። ሁለቴ እንደ ድመት ትንሽ ትንሽ ያስነጥሰውና ሦስተኛው ላይ እንደ መኪና ጎማ ይፈነዳል። ግቢው በሙሉ ያውቀዋል። ከየቤቱ «ይማርዎት!» ይባላል፤ አባቴም ለእያንዳንዱ «ያኑርህ፣ ያኑርሽ» ሳይል አያልፍም። አንድ ቀን ታክሲ ውስጥ አስነጥሶት «ይማርዎት» ያለው ሰው ቀድሞ ወረደ። አባቴ ተከትሎ ዘለለና ቸርችል ጎዳናን ቁልቁል «ያኑርህ!» እያለ ተከተለው። ሰውየው ምን እንደመሰለው እንጃ፣ ሮጠ።

ብዙም ሳይቆይ ካሣሁን ጎረቤቱን ሁሉ አስከትሎ መጣ። ሳሎኑ ሞላ። አባቴ የተጨማደደውን ባርኔጣ ደፍቶ ከፎቶው ሥር ተቀመጠ። ዘፈኑን ለቀቅኩት።

ዘፋኙ እንደገና ጋቢውን ተከናንቧል! ዞር ብዬ ሳይ፣ እማዬ ለእንግዳ ብቻ የሚወጣውን ድርብ የዓመት በዓል ዳንቴል ስፒከሮቹ ላይ ጥላለች። ከፊትም፣ ከኋላም።

ካሣሁን ተነስቶ ወደ ፎቶው ተጠጋ። «ከነሚስማሩ ነው የምናወርደው ወይስ ሚስማሩ ይቀራል?»

አባቴ አንገቱን ደፋ። እንደዚያ ሆኖ አይቼው አላውቅም። ምን እንደነካኝ ሳላውቅ፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ጮህኩ።

«እማዬ፣ ዳንቴሉን አውልቂው!»

«እንግዳ ፊት?» አለች እማዬ፣ የራሷን ቀሚስ ያልኳት ይመስል ፊቷ ቀልቶ። «ሳጥኑ ራቁቱን ሊቆም?»

«እንግዶቹ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ» አልኳት።

ሌላ መላ አልመጣልኝም። እማዬ ግን ረክታ እያንዳንዱን ሰው ዓይን አስጨፈነች።

«ካሣሁን! በጣቶችህ መሐል እያየህ ነው!»

«ኧረ አላየሁም፣ እትዬ አክበረት! ሳጥን አይቼ ምን ላገኝ?»

ዳንቴሉ ወረደ። ዘፈኑን ከመጀመሪያው ለቀቅኩት። ሳሎን ሙሉ ሰው ዓይኑን ጨፍኖ ተቀምጦ፣ ከወለሉ ሥር «ዱም... ዱም-ዱም... ዱም» የሚል ነገር ተነሳ። የቡፌው ብርጭቆዎች አብረው ተንጫጩ። የአባቴ ጣቶች ጉልበቱ ላይ ከዘፈኑ ጋር ይሄዱ ነበር።

«እሺ፣ ቤዝ ተሰማ» አለ ካሣሁን፣ ዓይኑን እንደጨፈነ። «ግን የጋሽ ዘርኡ መሆኑን ማን ያውቃል? ቤዝ እንደሆነ መልክ የለው!»

እውነቱን ነው። ዘፈኑም እያለቀ ነበር። ዘፋኙ ዝም አለ፣ ሳክስፎኑ ዝም አለ፣ ቤዙ ብቻ ቀረ፤ የእኛ ካሴት እዚህ ሳይደርስ ነው የሚያልቀው። በዚህ መሐል ከስፒከሩ ውስጥ እንደ ድመት ያለ ትንሽ ማስነጠስ ተሰማ። ቀጥሎ ሌላ ትንሽ። ሦስተኛው ላይ ጎማ ፈነዳ። ከሩቅ የሰው ድምፅ፣ «ይማርህ፣ ዘርኡ!» አለ።

ሁሉም ዓይኑን ከፈተ። እማዬ በልማድ ወደ ስፒከሩ ዞራ «ይማርህ» አለች። ካሣሁን ከፎቶው አጠገብ ቀስ ብሎ ራቀ።

ሁሉም ሲስቅ አባቴ ብቻ አልሳቀም። «የሳክስፎን ተጫዋቻችን የብርሃነ ድምፅ ነው» አለ። «ሳክስፎኑን ከአፉ አውጥቶ ነው ይማርህ ያለኝ። እኔ እጄ ጊታሩ ላይ ነበር... አልመለስኩለትም!»

ስልኬን ከነኬብሉ ነቅሎ ስድስት ኪሎ ለሚኖረው ለብርሃነ ደወለ። ድምፁን ለሁላችን ከፈተው።

«ሃሎ፣ ብርሃነ? ያኑርህ!»

«ማን ልበል?»

«ዘርኡ ነኝ። ያኑርህ።»

«ዘርኡ፣ ደህና አይደለህም እንዴ? ምንም አላልኩህም እኮ።»

«ብለኸኛል። ዘፈናችን ውስጥ አለ፤ አሁን ሰማሁት።»

«እንኳን ያን ጊዜ አልመለስክልኝ» አለ ብርሃነ። «እሱም ይቀዳ ነበር።»

በማግስቱ ካሣሁን እንደ ቃሉ ፀጉር ቤቱ በር ላይ ቆሞ «ማስትሮ!» ብሎ ጮኸ። አባቴ ባርኔጣውን አዘንብሎ ሁለቴ አለፈ፤ አንዴ ሲሄድ፣ አንዴ ያለ ጉዳይ ሲመለስ። ፎቶውም ከነሚስማሩ እዚያው አለ።

ከዚያ ወዲህ «ጋሽ ፎቶ» የሚል ሰው የለም። «ጋሽ ይማርህ» ሆኗል። እኔም «ኮፒ» መባሌ ቀርቶ «ያኑርህ» ተብያለሁ። አባቴ «ጋሽ ይማርህ!» ብለው በጠሩት ቁጥር ቆሞ «ያኑርህ» ብሎ ይመልሳል፤ እኔም የተጠራሁ መስሎኝ «አቤት» እላለሁ።