ሁለተኛው ደወል

ደወሉ ከመደወሉ በፊት የግራው መደርደሪያ አይጦች ከቀኙ በምንም አይለዩም ነበር። ያው መኖ፣ ያው ውሃ፣ ያው ሙቀት። ልዩነቱ ከወላጆቻቸው የወረሱት ነው። ኃይለኛ ድምፅ ሲሰሙ የቀኞቹ ጆሯቸውን ቀጥ አድርገው ዝም ይላሉ፤ የግራዎቹን ይጥላቸዋል። በአንጎላቸው ውስጥ መልእክት የሚያቀባብል አንድ ኬሚካል ያንሳቸዋል። ተመራማሪዋ ዕድሜዋን የፈጀችው ያንን ጉድለት የሚሞላ መድኃኒት ስትፈልግ ነው።

እቤት ደግሞ የሚጥለው ወንድም አላት። ሠርጉ ሲቃረብ የታናሽ እህቷ እጮኛ ይህን ሰምቶ ማመንታት ጀመረ። እናቷ «ልጅ ሆኖ ከደረጃ ወድቆ ነው በይውና ገላግይን» አሏት። መዋሸቱ አልሆነላትም። በዓይኑ ቢያይ ይገባዋል ብላ እሱንም እህቷንም ወደ ቤተ ሙከራው ጠራቻቸው።

በሩ ላይ እጇን ዘረጋችለት። «የመኪና ቁልፍህን እዚህ ተወው።»

«ምነው፣ ሌባ አለ እንዴ?»

«ሲንቃጨል አይጦቹን ይጥላቸዋል።»

«አማችነቱ ከነአይጦቹ መሆኑን ማን ነግሮኝ!»

እህትየው ከሰነበተችበት ጭንቀት ተንፈስ ብላ ከት ብላ ሳቀች።

ተመራማሪዋ እንደ ልማዷ በቅደም ተከተል ሄደች፤ ከግራዎቹ መጀመሪያ መድኃኒት ያልተሰጣቸው፣ ቀጥሎ የተሰጣቸው። ያልተሰጣቸውን ድምፅ በማያሳልፍ ሳጥን ውስጥ አስገብታ ደወሉን ተጫነች። አይጦቹ ሳጥናቸውን እንደ እብድ ዞሩት፤ ከዚያ በጎናቸው ወደቁ፣ እግራቸው ተገተረ።

የሰውየው ፊት አመድ መሰለ። «ሁሉም?»

«እነዚህን ሆን ብለን እርስ በርስ እያዳቀልን ነው እዚህ ያደረስናቸው። ሰው እንዲህ አይደለም። የእሷ ልጆች ላይ የመድረሱ ዕድል ትንሽ ነው። ቆይ፣ አሁን መድኃኒት የወሰዱትን...»

«ገብቶኛል፣ እህቴ። በደንብ ገብቶኛል።»

«ሁለተኛው ደወል ይቀራል እኮ!»

«ልጄ እንዲህ ሲሆን ቆሜ ማየት አልችልም።»

ቁልፉን አነሳ። እንዳይንቃጨል በመዳፉ ጭምቅ አድርጎ ያዘው። ለአይጦቹ ይህን ያህል ተጠንቅቆ፣ እጮኛውን ግን ቀና ብሎ ሳያያት ወጣ።

«የዳኑትን አስቀድመሽ ብታሳዪው ምን ነበረበት?» አለች እህትየው። «ቅደም ተከተልሽ ገደል ይግባ!»

መድኃኒቱ ግን ኃይሉ ከማለቁ በፊት መፈተን ነበረበት። እህቷ እያለቀሰች፣ ተመራማሪዋ ሁለተኛውን ደወል ተጫነች።

መድኃኒት ከወሰዱት አሥራ ሁለት አይጦች አሥራ አንዱ በእግራቸው እንደቆሙ ቀሩ።