ሁለት ሺፍት፣ አንድ አልጋ

ባህሩ ለጫካ አዳር በተከራየው የመኝታ መኪና ውስጥ ትራሱን ከአልጋው በስተግራ አስቀምጦ የመኪናውን የመብራት ገመድ ሊሰካ ወረደ። ሲመለስ ትራሱ በስተቀኝ ነው። ሚስቱ ሰገነት አንሶላ ስታነጥፍ ያዛወረችው መስሎት ወደ ግራ መለሰው። ሰገነት ደግሞ እጇን ታጥባ ስትወጣ የሱን ትራስ እሷ ቦታ ላይ አገኘችው። አንስታ ወደ ቀኝ ወረወረችው።

«ትራሱ ምን አደረገሽ?» አለ ባህሩ።

«የኔ ቦታ ላይ ምን ይሠራል?»

«ያንቺ? እኔ እኮ ሁልጊዜ የምተኛው በግራ ነው።»

«እኔም በግራ ነው የምተኛው።»

ተያዩ። ሁለቱም እውነታቸውን ነበር። ቶርንክሊፍ ፓርክ ቤታቸው ያለው አልጋ ግራ ጎኑ ጎድጉዷል፤ ቀኙ ከሱቅ እንደመጣ ነው። ባህሩ ኢቶቢኮ፣ ኤርፖርቱ አጠገብ ባለ መጋዘን ሌሊት ዕቃ የሚያነሳ ፎርክሊፍት ይነዳል፤ ጠዋት ገብቶ ይተኛል። ሰገነት አረጋውያን መጦሪያ ቀን ትሠራለች፤ ማታ ገብታ ትተኛለች። ልጃቸው ቤቴል ስትወለድ ለሞግዚት ላለመክፈል ያመጡት ዘዴ ነበር። የዕረፍት ቀናቸው አይገጥምም፤ ቢገጥም እንኳ አንዱ ኦቨርታይም ይጠራል። ሰላም የሚባባሉት ሊፍቱ በር ላይ ነው፣ አንዱ ሲገባ ሌላው ሲወጣ። የቀረውን ወሬ የምታመላልሰው ቤቴል ነበረች። «አባትሽን ቆሻሻውን ያውጣ በይው።» «እናትሽን የመኪናው ብሬክ ተሠርቷል በያት።» አምና ልጅቷ ኦታዋ ዩኒቨርሲቲ ገባች። ወሬውም አብሯት ሄደ።

አሁን ባህሩ ስንት ዓመት ሲጠይቅ የኖረውን የቀን ሺፍት አገኘ። ከሰኞ ጀምሮ እንደ ሰው ማታ ቤቱ ሊያድር ነው። በደስታው ይህን አርቪ ተከራየ፤ ወጥ ቤትም መኝታም ያለው፣ አውቶቡስ የሚያህል መኪና። በሕንጻው ያልሳቀበት የለም። ሰው ሁሉ በአፓርታማ ኪራይ ሲማረር እሱ ጎማ ያለው ቤት ተከራይቶ ጫካ ሊያድር! አንዷ ጎረቤት እንዲያውም ከድቡ ጋር ከተስማማችሁ የሚያሳስብ ነገር የለም አለቻቸው።

ሰገነትም አብራ ሳቀች። ያልተናገረችው ነገር ግን ነበር። ባህሩ የምሥራቹን በነገራት ማግስት ሱፐርቫይዘሯ ዘንድ ገብታ የሌሊት ሺፍት ጠይቃለች። ቦታውም ተገኝቶላታል። እስከ እሑድ ድረስ እሺ ወይም እምቢ ማለት ብቻ ነው የቀራት። ይህ የትራስ ክርክር የሆነው ጫካው በደረሱበት ዓርብ ማታ ነው።

ግራውን እሱ ለቀቀላት። ቢሆንም ሁለቱም እንቅልፍ አልወሰዳቸውም፤ እሱ ሌሊት መተኛት ስለማያውቅ፣ እሷ ከሰው ጋር መተኛት ስለማታውቅ።

ቅዳሜ ጠዋት በጫካው ውስጥ የሚያልፈውን የእግር መንገድ ጀመሩ። ሰማዩ ከብዷል፤ መሬቱ የረጠበ ቅጠል ይሸታል። ሰገነት በመጦሪያው ኮሪደር እንደምትሮጠው ነው የምትራመደው። ባህሩ ዓይኑን እያሸ ከኋላ ይጎተታል። ይህች ሰዓት ለሱ እኩለ ሌሊት ናት። ዳገቱ አጋማሽ ላይ የወደቀ ግንድ አየና ትንሽ ልረፍ ብሎ ተቀመጠ። ዞር ስትል አንገቱን ዘንበል አድርጎ ተኝቷል።

ልትቀሰቅሰው ተመለሰችና ቆመች። ሲተኛ ካየችው ስንት ጊዜ ሆነ? የስንቱን ሽማግሌ የቀን እንቅልፍ ታውቃለች፤ ማን እንደሚቃዥ፣ ማን ጥርሱን እንደሚያፋጭ። የባሏን ግን አታውቅም። የአንገቱ ፀጉር ሸብቷል። አፉ ትንሽ ተከፍቷል። ጎንበስ ብላ እጇን ወደ አፍንጫው አስጠጋች፣ ሥራ ቦታ እንደለመደችው፣ ይተነፍስ እንደሆነ ለማየት። ምን እያደረገች እንደሆነ የታወቃት እጇ እዚያው እንዳለ ነው። አፈረች። ራቅ ብላ ተቀምጣ እስኪነቃ ጠበቀችው።

ከሰዓት በኋላ ጫካው ውስጥ ባለው ሐይቅ ላይ ታንኳ ተከራዩ። እሷ ከፊት፣ እሱ ከኋላ። እሱ ሲቀዝፍ እሷ ታቆማለች፣ እሷ ስትጀምር እሱ አቅጣጫ ያስተካክላል፤ ታንኳዋ እዚያው እንደ ወፍጮ ትዞራለች። በአጠገባቸው ነጭ ሽማግሌና አሮጊት መቅዘፊያቸውን እኩል እየነከሩ፣ ቃል ሳይለዋወጡ አለፉ።

«እነሱም አይነጋገሩም» አለች ሰገነት።

«እነሱ ተስማምተው ነው ዝም ያሉት።»

ሐይቁ መሀል ደረሱ። ዳርቻው ራቀ። ሰገነት ፊቷን ሳታዞር፣ «ሌሊት ጠይቄያለሁ» አለች።

«የምን ሌሊት?»

«የሌሊት ሺፍት። አንተ ቀን መግባትህን እንደሰማሁ።»

መቅዘፊያው ውሃ መምታቱን አቆመ።

«ይሄን ያህል ጠልተሽኛል?»

«አልጠላሁህም።» መቅዘፊያዋን ጭኗ ላይ አጋደመች። «ቀኑን ሙሉ ሰው አጥባለሁ፣ አለብሳለሁ፣ አጎርሳለሁ። ማታ በሩን ስዘጋ ከኔ ምንም የሚፈልግ የለም። ያለችኝ ያቺ ሰዓት ናት። አንተ ስትመጣ ደግሞ ምን እንደምትፈልግ አላውቅም።»

«እራት» አለ ባህሩ። «አብሬሽ እራት መብላት ነው የፈለግሁት።»

ዝናቡ ማካፋት ጀመረ። ተመልሰው ሲቀዝፉ ታንኳዋ ቀጥ ብላ ሄደች፤ ሁለቱም ግን ልብ አላሉትም።

ስልክ የሚሠራው የጫካው መግቢያ በር አካባቢ ብቻ ነበር። ሰገነት ጃኬቷን ደርባ በጭቃው ብቻዋን ወረደች። ሱፐርቫይዘሯ አነሳችና፣ እህስ፣ ሌሊቱን ልመዝግብሽ አለቻት። ሰገነት አዎ ልትል አፏን ከፈተች። ከአፏ የወጣው ግን ከሳምንቱ አምስት ሺፍት ሁለቱን ብቻ ሌሊት ብወስድስ የሚል ጥያቄ ሆነ። ሴትየዋ ተነጫነጨች፣ ፕሮግራም ታበላሹብኛላችሁ አለች፣ በመጨረሻ ተቀበለች። ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ሰገነት ልቧ ቀለል ይላት እንደሆነ ትንሽ ቆማ ጠበቀች። አላላትም።

አርቪው ውስጥ መስኮቱ በእንፋሎት ደብዝዟል። ባህሩ መኮሮኒ እየቀቀለ ነው። ስትገባ ቀና አላለም። ሰገነት ጫማዋን በር ላይ አወለቀች፣ ጠባቧ ጠረጴዛ ጋ ተቀመጠች።

«ደወልኩ።»

ማማሰሉን አላቆመም።

«ማክሰኞና ሐሙስ ሌሊት እገባለሁ። ሌላው በነበረበት በቀን ነው።»

ባህሩ ማንኪያውን ድስቱ ጠርዝ ላይ አራገፈ። እሳቱን ቀነሰ። ዝናቡ የመኪናውን ጣሪያ ይደበድባል።

«ረቡዕ ማታ እቤት ነኝ» አለች ሰገነት፣ እንዳልሰማት ቆጥራ።

«ጥሩ ነው» አለ ባህሩ ክዳኑን እየገጠመ። «እኔም ረቡዕ ማታ ቀጠሮ የለኝም።»