ሞቷል የተባለው ካርድ

ትሕትና ባለፈው ኅዳር ከዩኒቨርሲቲ ተመልሳ መሐል ሜዳ መናኸሪያ አጠገብ የስልክ ጥገና ሱቅ ከከፈተች ወዲህ፣ ከመንገዱ ማዶ ስልክ የምትጠግነው ሰርካለም «ሞቷል» ብላ የመለሰችው ዕቃ ሁሉ እየተነሣ ይሄድ ጀመር። ዐሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ የከተማው ሰው ከሰርካለም ፍርድ ይግባኝ ብሎ አያውቅም ነበር።

በጥር አጋማሽ እማማ አዛለች የሟች ባለቤታቸውን የመሪጌታ ባስልዮስን ሚሞሪ ካርድ ለሰርካለም አመጡላት። መሪጌታ ለተማሪዎቻቸው በድምፃቸው የቀዱት የጾመ ድጓ ዜማ በሙሉ እዚያ ላይ ነበር፤ ሌላ ቅጂ የለውም። ሰርካለም በማንበቢያዋ ሞከረችው፤ ዝም አላት። «ሞቷል» አለች። አሮጊቷም ካርዱን በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው በቀጥታ ወደ ማዶ ሲሻገሩ አየቻቸው።

ጥቂት ታገሠች። ከዚያ ካቻቢቴ ልዋስ ብላ ተከትላ ገባች። በሱቋ ሰባት ካቻቢቴ ነበራት።

«እትዬ ሰርካለም፣ ይቀመጡ» አለች ትሕትና ከላፕቶፗ ቀና ብላ። ያ አንቱታ ራሱ ከነከናት። «ካርዱ አልሞተም፤ በይለፍ ቃል ተቆልፎ ነው።»

«ማን ነገረሽ?»

«ራሱ። ማንበቢያዎ ፋይል ብቻ ነው የሚጠይቀው፤ ካጣ ይተወዋል። እኔ ግን በጻፍሁት ፕሮግራም ለካርዱ በቀጥታ ትእዛዝ ላክሁለት፤ ‹ያለህበትን ተናገር› አልሁት።»

«አናዘዝሽው በያ! ነፍስ አባት ሆንሽለት!»

እማማ አዛለች ከሐዘናቸው ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሣቁ። የሣቁት ግን ትሕትናን እያዩ ነበር።

«ይለፍ ቃሉ ካልተገኘ» አለች ልጅቱ፣ «የቀረኝ አንድ ትእዛዝ ነው፤ እሱም ቁልፉን ከነድምፁ ይደመስሰዋል።»

«ድምፁ ከሌለ ምን ያደርግልኛል ልጄ? ተማሪዎቹ ገና ከእኩሌታው አላለፉም።»

ያን ጊዜ ሰርካለምን አንድ ነገር ትዝ አላት። ከዘጠኝ ዓመት በፊት መሪጌታ ያንን ዛሬ የሌለውን አሮጌ ስልካቸውን ይዘው መጥተው፣ «ተማሪዎች እንዳያጠፉብኝ ቆልፊልኝ» ብለዋት ነበር። ሱቋን የከፈተችበትን ቀን በስምንት አሐዝ ያስገባችው እሷው ናት። ብትናገር፣ በገዛ እጇ የቆለፈችውን ሞቷል ማለቷን ገበያው ሁሉ ይሰማል። ዝም ብትል፣ ትሕትናም ዛሬ «አልቻልሁም» ትላለች። ይህንን ከዚያች ልጅ አፍ ለመስማት ስንት ቀን ጓጉታ ነበር!

ትሕትና ካርዱን ነቅላ ለአሮጊቷ ሰጠች። «አልቻልሁም፣ እማማ» አለች ዐንገቷን ደፍታ።

ሰርካለም ሰማችው፤ እንደ ማር ጣፈጣት። እማማ አዛለች ካርዱን መልሰው በነጠላቸው ጫፍ ሊቋጥሩ ሞከሩ። ቋጠሮው እምቢ አላቸው። እንደገና ሞከሩ።

«ይመልሱላት፣ እማማ» አለች ሰርካለም። «የቆለፍሁት እኔ ነኝ። ቁጥሩን ልንገራት።»