ለተገኘ የተመረጠለት ጎራዴ

ተገኘና ባዩ አበልጆች ነበሩ፤ የተገኘን ሴት ልጅ ክርስትና ያነሳቻት የባዩ ሚስት ናት፤ ባዩም ለተገኘ ሚስት ለሸዋረጋ እንደ ወንድም ነው። ሁለቱም ኦክላንድ ይኖራሉ። ተገኘ ታክሲ ይነዳል፣ ባዩ መሀል ከተማ ፓርኪንግ ውስጥ ይሠራል። ቅዳሜ ቅዳሜ በአንድ መኪና ሳን ሆዜ ይወርዳሉ። እዚያ ሚስተር ኦካዳ የሚባሉ ሽማግሌ የጃፓን ጎራዴ አያያዝ ያስተምራሉ።

ትምህርቱን ቀድሞ የጀመረው ባዩ ነው፤ ተገኘንም ጎትቶ የወሰደው እሱ ነው። ባዩ ጎራዴ መለየት ያውቃል። ሽማግሌው ራሳቸው "ዓይን አለህ" ብለውታል። እጁ ግን እንደ ዓይኑ አልሆነለትም። በ1994 በሦስተኛው ዓመታቸው፣ ሚስተር ኦካዳ በተማሪዎቹ ሁሉ ፊት ተገኘን አስነስተው፣ "ከእንግዲህ በእውነተኛ ስለት ትለማመዳለህ። ጥሩ ጎራዴ ግዛ" አሉት። ወዲያው ወደ ባዩ ዞሩ። "አንተ አብረኸው ሂድና ምረጥለት።"

ባዩ እጅ ነሣ። ወደ ኦክላንድ ሲመለሱ ተገኘ ደስታው አላስቀምጥ ብሎት መንገዱን ሙሉ አወራ። ባዩ "ኮንግራጁሌሽን" አለና በመስኮቱ ውጭ ውጭውን አየ።

በመስከረም ኤርፖርቱ አጠገብ ያለ ሆቴል ውስጥ ጎራዴ ሻጮች የሚሰበሰቡበት ሾው ነበር። ተገኘ ጨርቅ በለበሱት ጠረጴዛዎች መሀል ሲዞር ቆየና አንዱ ጋ ቆመ። አፎቱ ቡናማ፣ የተፋፋቀ፣ ጌጥ የሌለው ጎራዴ ነው። ቀስ ብሎ መዘዘው።

"ይሄ ደስ አለኝ አበልጄ። ለምን እንደሆነ አላውቅም።"

ባዩ ተቀብሎ ወደ መብራቱ ቀና አደረገው። ስለቱን ተከትሎ እንደ ማለዳ ጉም የሳሳ ነጭ መስመር ይሄዳል። ብረቱ ውስጥ እንደ እንጨት ያለ ጅማት ይታያል። ሻጩ እጀታውን ሲያወልቅለት እውስጥ የሚገባው ብረት ዝገቱ ጠቁሮ፣ ማንም ሳይነካው አርጅቷል። ባዩ እንዲህ ያለ ጥንታዊና ምርጥ ጎራዴ በእጁ ይዞ አያውቅም።

"ይሄ ደክሟል" አለ። "ብዙ ተስሏል፤ ሥጋው አልቋል። ተወው።"

ከሁለት ጠረጴዛ በኋላ ጥቁር የሚያብለጨልጭ አፎት ያለው፣ እጀታው ላይ ወርቅ ቅብ ዘንዶ የተሠራበት ጎራዴ ነበር። ባዩ መዞ አዘነበለው። ከእጀታው አንድ ስንዝር ያህል ከፍ ብሎ፣ ከስለቱ ወደ ላይ የምትወጣ እንደ ፀጉር የቀጠነች መስመር አየ። ስንጥቅ ነው። ይህን የሚጠግን ሰው የለም፤ አንድ ቀን ሲመታ እዚያው ላይ ይሰበራል። ባዩ ስለቱን በጨርቅ ጠረግ አድርጎ ለተገኘ ሰጠው።

"ያንተ ይሄ ነው።"

"እርግጠኛ ነህ?"

"እኔ ብሆን ይሄንን ነበር የምገዛው።"

ዋጋውንም ተከራክሮ አስቀነሰለት። ተገኘ ትከሻውን ሳመው።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ሸዋረጋ ከነርሲንግ ሆም ሥራዋ ፈቃድ ጠይቃ ባሏን ለማየት አብራ መጣች። ሚስተር ኦካዳ ጎራዴውን በሁለት እጃቸው ተቀብለው መዘዙት፤ ወደ መስኮቱ ሄደው ስለቱን በብርሃኑ መረመሩት። ከዚያ ተገኘን ጠሩት።

"ጥፍርህን እዚህ ላይ አሂድ።"

አሄደ። ጥፍሩ ያዘው።

"የሞተ ጎራዴ ነው" አሉ፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው። "ይህን ማየት የማይችል ሰው ስለት አይይዝም። ከጎኑ የቆመውን ይገድላል። ወደ እንጨት ጎራዴህ ተመለስ።" ቀጥለው ባዩን አዩት። "አንተ አብረኸው አልነበርክም?"

"ነግሬው ነበር" አለ ባዩ። "ወርቁን ወደደው።"

ተገኘ ዞሮ ባዩን አየው። ከተማሪዎቹ አንዱ ሳቀ። ሸዋረጋ መሬት መሬት አየች።

እሷ መኪና ውስጥ ከገባች በኋላ ተገኘ ግቢው ውስጥ ባዩን ያዘው።

"ስንጥቁን አይተኸው ነበር?"

"አይቼዋለሁ።"

"እጄ ላይ ቢሰበርስ?"

ባዩ ትከሻውን ሰበቀ።

"ምን በደልኩህ?"

"ምንም አልበደልከኝም። ቀደምከኝ።" ባዩ በዚያ ቀን ለብቻው የመጣበትን መኪና በር ከፈተና ዞር አለ። "ቡናማው ላይ ግን ዓይንህ ልክ ነበር። እኔ በሕይወቴ እንደዚያ ያለ አላየሁም።"

በመንገድ ላይ ሸዋረጋ፣ "እውነት ሰው እየነገረህ ነው ወርቅ አይተህ የገዛኸው?" አለችው። ተገኘ መሪውን እንደያዘ፣ "አዎ" አላት። በዓመት በዓል ቤታቸው ከማይጠፋ፣ ልጃቸው እንደ አባት ከምታየው ሰው ጋር ሊያጣላት አልፈለገም። ወይም እንዲህ መታለሉን ከመናገር ሞኝ መባሉን መረጠ። ሻጩ ጋ ኮል ቢያደርግ፣ "አይተህ ነው የገዛኸው" ብሎ ዘጋበት። ተገኘ ከዚያ ወዲያ ወደ ሳን ሆዜ አልተመለሰም።

ባዩም ኮል አድርጎ ነበር፣ ለቡናማው። አልተሸጠም ነበርና ገዛው። በኅዳር ሚስተር ኦካዳ ፊት አስቀመጠው። ሽማግሌው መዘው አዩትና ለጎራዴው እጅ ነሡ።

"የት አገኘኸው?"

"መስከረም ላይ፣ ሾው ላይ ነው ያየሁት።"

"ከተገኘ ጋር በሄድክ ቀን?"

ባዩ ዓይኑን ወደ ወለሉ ጣለ። ሚስተር ኦካዳ ፊቱን ትክ ብለው አዩትና ጎራዴውን ወደ አፎቱ መለሱ። "ከቅዳሜ ጀምሮ በዚህ ተለማመድ" አሉት። ስለ ተገኘ ከዚያ ወዲያ አንድ ቃል አልተናገሩም። መልሰውም አልጠሩት።

ጥር ላይ የልጅቷ ልደት ሆነና ሸዋረጋ ባዩን ጠራችው። ኬክ ይዞ መጣ። በሩን የከፈተለት ተገኘ ነው። ጃኬቱን ተቀብሎ ሰቀለለት፣ ቢራ ከፈተለት፣ ሳህን አቀረበለት።

"ቅዳሜ ቅዳሜ ምን ትሠራለህ አሁን?" አለ ባዩ፣ እየበላ።

"እነዳለሁ።"

"ጥሩ ነው።"

"ጋሼ ባዩ ምንም አልበላም እኮ" አለች ሸዋረጋ ከኪችን ብቅ ብላ። "ተገኘ፣ ጨምርለት እንጂ!"

ተገኘ ተነስቶ ጨመረለት።