የአምፖሉና የበሩ ድርሻ

የዓይናለም ቤት በር ብረት ነው፤ አመለኛ ብረት። ከጉበኑ ጋር ይነካከስና ከውስጥ በሁለት እጅ ካልሳቡት፣ ከውጭ በትከሻ ካልገፉት አይከፈትም። ባሏ ይርጋ "ነገ አስተካክለዋለሁ" ማለት ከጀመረ ዓመት አለፈው። የይርጋ ነገ መቼም አያልቅም።

መብራቱንም የሳበው እሱ ነው። የራሳቸው ቆጣሪ እስኪገባ ከጎረቤታቸው ከእትዬ ፈንታነሽ መስመር ለመኑ፤ ደብረ ታቦር ላይ መብራት መዋዋስ ነውር አይደለም። ይርጋ ሽቦውን ከበሩ በላይ ቀጥሎ፣ አንዱን ወደ አምፖሉ፣ አንዱን ወደ ሶኬቱ ከፈለው። መቀጠያውን በምን ጠቀለለው? በፌስታል! ዓይናለም የፊዚክስ አስተማሪ ናት፤ "አንተ ሰውዬ፣ ዝናብ ቢገባበትስ?" ብትለው ሳቀባት።

"ከረንት እኮ ሰነፍ ነው፤ አንዱን መንገድ ከያዘ ያዘ። አምፖሉ ከበራ ሌላ ምን ትፈልጊያለሽ?"

ዛሬ ጠዋት ደግሞ ተጣሉ። በከረንቱ ቢሆን ደግ፤ በጭቃ! ይርጋ የውሃ ቧንቧ መስመር ይቆፍራል። ከነጎማ ቦት ጫማው ዘው ብሎ ገብቶ የወለወለችውን ወለል አጨማለቀው። "ከእንግዲህ በዚህ ጫማ ቤቴን እንዳትረግጥ!" አለችው። በሩን ደርግሞ ወጣ፤ በንዴቱ ስልኩን እንኳ ጠረጴዛው ላይ ረስቶት ሄደ።

ከሰዓት በኋላ ሰማዩ ተዘረገፈ። ዓይናለም ጎርፉ እንዳይገባ ከበሩ ሥር ጨርቅ ልትወትፍ ጎንበስ ስትል ክንዷ ብረቱን ነካ። አንዳች ነገር አንቀጥቅጦ ወደ ኋላ ወረወራት።

"በስመ አብ!"

ቀና ስትል አምፖሉ ቦግ ብሎ በርቷል። እሱ ነው ያስደነገጣት። ተማሪዎቿን ስንት ጊዜ አስተምራለች! ከረንት መጋጠሚያ ላይ ሲደርስ አንዱን መርጦ ሌላውን አይተውም፤ ላገኘው መንገድ ሁሉ ይከፋፈላል፤ በቀላሉ ለሚያሳልፈው ብዙ፣ ለሚያስቸግረው ትንሽ። አሁን ፌስታሉ ውስጥ ዝናብ ገብቶ ለአምፖሉ ድርሻው ደርሶታል፣ ለበሩም ደርሶታል፤ በሩን በትከሻው ለሚገፋውም ይደርሰዋል። ሰው ለመግደል ደግሞ ትንሹ ይበቃል።

የሚገፋው ማን ሆነና? ይርጋ ነዋ።

የእትዬ ፈንታነሽ ቤት ተቆልፏል፤ ለለቅሶ እብናት ወርደዋል፤ ስልካቸው አይሠራም። መስመሩ የሚጠፋው እዚያ ነው። መስኮቱ ፍርግርግ ነው፣ ከኋላው የድንጋይ አጥር። ጮኸች፤ ቆርቆሮውን የሚደበድበው በረዶ ድምፅዋን ዋጠው። በሩን በመጥረጊያው እንጨት ልትፈለቅቀው ሞከረች፤ እንጨቱ ተሰበረ። በገዛ ቤቷ እንደ አይጥ ተያዘች።

በረዶው ጋብ ሲል ወለሉ ላይ ተደፍታ በምታይበት የበሩ ሥር ክፍተት ጭቃ የለበሱት ቦት ጫማዎች መጥተው ቆሙ። ከዚያ አንደኛው ወለቀ። ከከረንት የሚከልለው ጎማ ወልቆ ባዶ እግሩ ጎርፉ ውስጥ ገባ። ይርጋ፣ ያ ግትር ይርጋ፣ ሊታረቃት ደጅ ላይ ጫማውን እያወለቀ ነው!

"ይርጋ፣ በሩን እንዳትነካ! ከረንት አለው!"

"ደግሞ ጀመርሽ? የአምፖሉ ብርሃን በበሩ ሥር እየታየኝ?" ሳቀ። ሁለተኛው ጫማም ወለቀ። "ይኸው፣ እንዳልሽው ባዶ እግሬን ነኝ። ልግፋው።"

 ከረንት ብትለው አያምናትም። የሚያምነውን ነገር ፈለገች።

"አትግፋው! አልፈልግህም! ፊትህን ማየት አልፈልግም፣ ሂድልኝ!"

እግሮቹ ቀጥ አሉ።

"ጫማዬን አውልቄ እንኳ?"

"አውልቀህም! ሂድ!"

እጆቹ ወደ ጫማዎቹ ወረዱ። ከዚያ አንዱን ጫማ አጠለቀ፣ ሌላውንም አጠለቀ፤ ቦት ጫማዎቹ ዞረው ጎርፉን እየረገጡ ራቁ። ዓይናለም ወለሉ ላይ እንደተደፋች "ተመስገን" አለች፤ እንባዋ ግን አልቆም አላት። አምፖሉ እንደበራ ነው።