በገደሉ አናት ያለው መንገድ

«አንቺ ልጅ፣ ተይ! በሩዝ ማሳው ሂጂ!» ብሎ ኳይ ከብስክሌት ማከራያው በር ላይ ሲጮህ፣ ንያን ፔዳሉን ረግጣ ዳገቱን ጀምራው ነበር።

«ጋሼ፣ ሰዎቹ ሩዝ ለማየት ነው እንዴ ይህን ሁሉ አገር አቋርጠው የመጡት?» አለችው እየሳቀች።

ነገ አሥራ ሁለት ቱሪስቶችን በብስክሌት እየመራች እስከ ዳናንግ ከተማ ታደርሳለች። ቀጣሪዋ «ባሕሩን ካላሳየሻቸው ሌላ መሪ እፈልጋለሁ» ብሏታል። ባሕሩን የሚያሳየው ደግሞ አዲሱ አስፋልት ከተሠራ ወዲህ መኪና የረሳው የኮረብታው መንገድ ነው። ዛሬ ብቻዋን የወጣችው አስቀድማ ልትፈትሸው ነው።

ሽቅብ በወጣች ቁጥር ጉሙ እየወፈረ ሄደ። ከታች ሲያጓራ የቆየው ማዕበል ድንገት ጸጥ አለ። ያኔ ነው ከኋላዋ የብስክሌት ሰንሰለት ሲንኳኳ የሰማችው።

«እለፉ!» ብላ ጥግ ያዘች።

ማንም አላለፈም። ስትቆም ድምፁም ቆመ፤ ግን ከእሷ ትንሽ ዘግይቶ።

ከመታጠፊያው ስትደርስ አንዲት አሮጊት በሸራ ጥላ ሥር የተቀቀለ በቆሎ ይዘው ተቀምጠዋል። ሰው በማየቷ ነፍሷ መለስ አለች።

«እማማ፣ ብስክሌተኛ አልፏል እንዴ?»

«ጎህ ሲቀድ ሰባት ሆነው፣ እየተሳሳቁ። ስንመለስ እንበላለን ብለውኛል።»

«በየት በኩል ሄዱ?»

አሮጊቷ በአገጫቸው ወደ መንገዱ ጠርዝ አመለከቱ። በእርጥቡ አፈር ላይ ሰባት ቀጫጭን የጎማ ዱካዎች ምንም ሳይታጠፉ ቀጥ ብለው ሣሩ ውስጥ ገብተዋል። ንያን በርከክ ብላ ሣሩን በመዳፏ ተጫነችው። ከሥሩ ባዶ ነበር። አፈሩ ተንዶ አንድ ድንጋይ ይዞ ወረደ። መሬት ሲመታ ለመስማት ጠበቀች፤ ምንም አልተሰማም።

ስልኳን አውጥታ ለኳይ ደወለች።

«ጋሼ፣ ዛሬ ወደ ላይ የወጣ ብስክሌተኛ አይተሃል?»

«ከሌሊት ጀምሮ በሩ ላይ ነኝ። ከአንቺ በቀር ማንም አልወጣም። ምነው?»

«ነገ በማሳው በኩል ነን።»

«ቀጣሪሽ ያባርርሻል እኮ!»

«ያባርረኝ።»

ስልኩን ዘጋች። አሮጊቷ አሁንም ጉሙን እያዩ ነው።

«ሳይመለሱ ቆዩ፣ አይደል?» አሏት።

ንያን ቶሎ መውረድ ፈልጋ ነበር። ግን ብስክሌቷን በመንገዱ ጠርዝ አጋድማ አጠገባቸው ተቀመጠች።

«ጉሙ እስኪገፈፍ አብሬዎት ልጠብቅ፣ እማማ» አለች።